ሚያዝያ 18 ቀን 1974፦ ነርቩ የተረፈበት ቀዶ ጥገና

ታካሚው የ52 ዓመት ሰው ነበሩ። የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር። ፕሮስቴታቸው ላይ ካንሰር ተገኘ። ካንሰሩ ከእጢው ገና አልወጣም፤ ስለዚህ ተቆርጦ ቢወጣ የመዳን ተስፋቸው ጥሩ ነው። ቦታው አሜሪካ፣ ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ወሬ የሚሰማ ወንድ ሁለት ነገር አብሮ ይነገረው ነበር። አንደኛው፣ በሽታው ሊወጣለት እንደሚችል። ሁለተኛው፣ ከዚያ በኋላ ከሚስቱ ጋር እንደ ድሮው መሆን እንደማይችል። ይህ ሁለተኛው «ምናልባት ያጋጥም ይሆናል» የሚባል ዓይነት አልነበረም። ፕሮስቴቱ ሙሉ በሙሉ የወጣለት ወንድ ሁሉ ማለት ይቻላል ስንፈተ ወሲብ ይደርስበት ነበር። ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ደግሞ ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቅታቸዋል። ላይ በላዩ ቀዶ ጥገናው ደም በደም ነው። ይህን ሁሉ ሰምቶ «ይቅርብኝ» ያለ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ብዙዎቹም ጨረሩን ይመርጡ ነበር።

ሰውየው ግን ሚያዝያ 18 ቀን 1974 ዓ.ም. ሰኞ ዕለት ቀዶ ጥገና ክፍል ገቡ። በፈረንጅ አፕሪል 26 ቀን 1982 ነው። ቢላውን የያዙት ዶክተር ፓትሪክ ዋልሽ ናቸው። ያን ዕለት፣ በፕሮስቴት ካንሰር ታካሚ ላይ ማንም ሆን ብሎ አድርጎት የማያውቀውን ነገር አደረጉ። ፕሮስቴቱን አወጡ፣ ብልትን የሚያቆመውን ነርቭ ባለበት ተዉት።

ዛሬ «በሮቦት ተሠራልኝ» የሚሉት ሰዎች ሁሉ የሚጠቀሙት ያን ሰኞ የተሠራውን ሥራ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው። በየቦታው እ.ኤ.አ. እያልኩ አላደክማችሁም።)

መጀመሪያ ስለ እጢው ትንሽ እንበል። ፕሮስቴት ወንድ ብቻ ያለው እጢ ነው። ትንሽ ሎሚ ያህላል። ከሽንት ፊኛ ሥር ተቀምጦ የሽንት ቱቦውን እንደ ቀለበት ይከበዋል። የዘር ፈሳሹን ከፊል የሚያዘጋጀው እሱ ነው። እኛ ዘንድ «ፕሮስቴት አለበት» ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ሌሊት አራት አምስት ጊዜ የሚነሳ፣ ሽንቱ እየተንጠባጠበ የሚያስቸግረው አባት ነው። እሱ በአብዛኛው በዕድሜ የሚመጣ የእጢ ማበጥ ነው እንጂ ካንሰር አይደለም። ካንሰሩ መጀመሪያ ላይ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚቀመጠው። ሁለቱ አንድ እጢ ላይ ይምጡ እንጂ በሽታቸውም ቀዶ ጥገናቸውም ይለያያል። ላበጠው እጢ ሐኪሙ ከውስጥ ነው የሚያወጣው፤ ብርቱካን ልጣጩን ትቶ ሥጋውን እንደማውጣት ነው። ለካንሰሩ ግን ልጣጩም አብሮ ይወጣል። ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ልጣጩ ላይ የተለጠፉ ሌሎች ነገሮች አሉ።

ቦታውም አይመችም። እጢው ከዳሌው የፊተኛ አጥንት ጀርባ፣ ከትልቁ አንጀት ጫፍ ፊት ለፊት፣ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ነው የተወሸቀው። ሐኪሙ እጁን ካስገባ ዓይኑ አያይም፣ ለዓይኑ ቦታ ከሰጠ እጁ አይገባም።

ለካንሰር ተብሎ ፕሮስቴትን ሙሉ በሙሉ ማውጣት እዚያው ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ በ1904 ተጀመረ። የጀመሩት ሂዩ ሃምፕተን ያንግ ናቸው። ያንግ በ1912 አንድ ሀብታም አከሙ፤ የባቡር ዕቃ ሻጭ፣ በአልማዙና በሆዳምነቱ የታወቀ፣ «ዳይመንድ ጂም» ብሬዲ የሚሉት ሰው። ሽንት የዘጋበትን እጢ ከፈቱለት፣ እሱም ገንዘቡን ፈታ። በ1915 በስሙ የሽንት ቧንቧ ሕክምና ተቋም ተከፈተ። ሽንት የተዘጋበት ሰው ሲከፈትለት የማይሰጠው ነገር የለም። ዋልሽ ይህን ተቋም እንዲመሩ የተሾሙት በ1974 ነው፣ በ36 ዓመታቸው።

በእነዚያ 70 ዓመታት ቀዶ ጥገናው በመሠረቱ ብዙም አልተለወጠም። ከሆድ በኩል የመግባት መንገድ መጣ እንጂ፣ ሐኪሙ የሚሠራው ያው በዳሰሳ ነው። ምክንያቱ ደም ነው። ከወንድ ብልት ተነስቶ ወደ ላይ የሚመለስ ትልቅ ደም መላሽ ሥር አለ። ፕሮስቴቱ ላይ ሲደርስ ይከፋፈልና እንደ መረብ ይሸፍነዋል። ቅርንጫፎቹ በየት በየት እንደሚሄዱ በደንብ ያጠና አልነበረም። ሐኪሙ ሽንት ቱቦውን ልቁረጥ ሲል ይህን ሥር አብሮ ይቆርጠዋል። ጉድጓዱ በደም ይሞላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው፤ ቶሎ ብሎ እጢውን ማውጣት፣ ቶሎ ብሎ መስፋት። በዚያ ሩጫ መሃል ምን እንደተቆረጠ ማን ያያል?

ዋልሽ መጀመሪያ የያዙት የነርቩን ጉዳይ አልነበረም። ደሙን ነው። ሥሩ በየት እንደሚያልፍ፣ የት ላይ ለሁለት ለሦስት እንደሚከፈል አጠኑ። ከዚያ ሳይቆርጡ በፊት ቀድመው ያስሩት ጀመር። በ1979 ከሥራ ባልደረባቸው ጋር አሳተሙት። ነገሩን ስታዩት የቧንቧ ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀው ነው። መጀመሪያ ዋናውን መዝጊያ ትዘጋለህ፣ ከዚያ ትጠግናለህ። ግን እስከዚያ ድረስ መዝጊያው የት እንዳለ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም።

ደሙ ሲቆም ጉድጓዱ ታየ። ሽንትን የሚይዘው ጡንቻ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ታየ። ሽንት የሚያመልጣቸው ታካሚዎች ቀነሱ።

ጽሑፉ ገና ሳይታተም፣ በ1977፣ አንድ ያልታሰበ ነገር መጣ። ፕሮስቴቱ የወጣለት አንድ ታካሚ ከሦስት ወር በኋላ ለክትትል ተመለሰ። ነገሩ እንደ ድሮው ደህና እንደሆነ፣ ምንም እንዳልጎደለበት ተናገረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ሌላ ሐኪም ቢሆን «እግዜር ይመስገን» ብሎ፣ ካርዱ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ሊሸኘው ይችል ነበር። አንድ ሰው ነዋ። ዕድል ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። በዘመኑ የነበረው እምነት ግልጽ ነበር፤ ብልትን የሚያቆሙት ነርቮች የሚያልፉት በፕሮስቴቱ ውስጥ ነው ይባል ነበር። ፕሮስቴቱ ከወጣ አብረው ይወጣሉ፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። ይህ እውነት ከሆነ ታዲያ የዚህ ሰውዬ ጤና ከየት መጣ? ፕሮስቴቱ የለም። ነርቩ ግን ይሠራል። አንድ ሰው ብቻውን የብዙ መጽሐፍ ቃል አፈረሰ። ነርቮቹ ውጭ ናቸው ማለት ነው። ውጭ ከሆኑ ደግሞ ሊተርፉ ይችላሉ። የት?

ሰዎች ይህን ሬሳ ላይ ሳይፈልጉት ቀርተው አይደለም። ዮሃነስ ሙለር የሚባሉ ጀርመናዊ የአካል ተመራማሪ በ1836 ስለ እነዚህ ነርቮች ጽፈው ነበር። ግን የአዋቂ ሬሳ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ነርቮቹ ከፀጉር የማይሻሉ ቀጫጭኖች ናቸው። ዙሪያቸው ስብና ጅማት ነው። በመድኃኒት ደርቆ የቆየ ሬሳ ላይ የዳሌው ዕቃ ሁሉ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ቂጣ ጠፍጥፎ ነው የሚገኘው። ከዚያ ውስጥ የፀጉር ያህል ነርቭ መፈለግ ከጤፍ ክምር ውስጥ አንዲት የዳጉሳ ፍሬ እንደመልቀም ነው።

መልሱ የተገኘው በኔዘርላንድስ ነው። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1981፣ ዓርብ። ፈረንጆች ዓርብና 13 ሲገጥም ገደቢስ ቀን ነው ይላሉ። ለዋልሽ ደግሞ 43ኛ ልደታቸው ነበር። ለስብሰባ ላይደን ከተማ ሄደው ነው። እዚያ ፒተር ዶንከር የሚባሉ፣ የላይደን ዩኒቨርሲቲን የሽንት ቧንቧ ሕክምና ክፍል መርተው ጡረታ የወጡ አዛውንት ሐኪም አሉ። ጡረታ ወጡ ማለት አረፉ ማለት አይደለም። ሞቶ በተወለደ ወንድ ሕፃን አስከሬን ላይ፣ ወደ ሽንት ፊኛ የሚሄዱትን ነርቮች አንድ በአንድ እየፈለቀቁ ይስሉ ነበር። ከተማ መዞሩ ቀረና ሁለቱ ሐኪሞች ወደዚያ ላቦራቶሪ ሄዱ።

ሕፃን ለምን? ሕፃኑ ዳሌ ውስጥ ስብ የለም። ሥጋው ውኃማ ነው፣ አልተጣበቀም። ነርቮቹ ከሰውነቱ አንጻር ሲታዩ ጎላ ያሉ ናቸው። በአጉሊ መነጽርና በትዕግሥት ይለያሉ። ዶንከር ሁለቱም ነበራቸው።

ዋልሽ የጠየቁት አንድ ነገር ነው። ወደ ብልቱ የሚሄዱት ነርቮችስ በየት ያልፋሉ? ዶንከር ፈልገዋቸው እንደማያውቁ መለሱ። ይህን መልስ ባነበብኩት ቁጥር ይገርመኛል። የዓለም ምርጥ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ ግን ካርታውን የሠራው ሰው ያን ጎዳና ማንም ጠይቆት አያውቅም። እሳቸው የሚያሳስባቸው የፊኛው ነገር ነበር፣ ስለዚህ ያዩት ወደ ፊኛ የሚሄደውን ነው።

ቁጭ ብለው አብረው ፈለጉ። ጥቂት ሰዓት ነው የፈጀባቸው። ነርቮቹ ተገኙ። ፕሮስቴቱ ውስጥ አይደሉም። ከልጣጩ ውጭ፣ በስተኋላ በኩል፣ በግራና በቀኝ ጎኑ ታክከው ይወርዳሉ።

ይህ ግን ገና ግማሹ ነው። በሕፃን አስከሬን ላይ በአጉሊ መነጽር ያየኸውን ነገር፣ ደም በሚደማ አዋቂ ሰው ሆድ ውስጥ በዓይንህ አታገኘውም። ዋልሽ ወደ ባልቲሞር ተመልሰው ቀዶ ጥገና ሲያደርጉ ዓይናቸውን ያንን ቦታ ላይ ጣሉ። ነርቩ አይታይም። ነገር ግን ልክ እዚያ ቦታ ላይ፣ በሁለቱም በኩል፣ ወደ ፕሮስቴቱ ልጣጭ የሚሄዱ ትንንሽ የደም ሥሮች እንደ እቅፍ ተጠቅልለው ይወርዳሉ። እነሱ ይታያሉ። ነርቮቹ ከእነዚህ ሥሮች ጋር አብረው ነው የሚሄዱት። ነርቩን ማየት ካቃተህ ጎረቤቱን ፈልግ፣ እንደማለት ነው። ያ ጥቅል ዛሬ በየአገሩ ያለ የሽንት ቧንቧ ሐኪም የሚያውቀው ምልክት ነው። ደሙ አስቀድሞ ባይቆም ኖሮ ደግሞ እነዚህ ሥሮች ራሳቸው አይታዩም ነበር።

ሁለቱ ሐኪሞች ግኝቱን በ1982 አንድ ላይ አሳተሙ። ዋልሽ በዚያው ዓመት ማርች ላይ፣ ፊኛው መውጣት ባለበት የ67 ዓመት ታካሚ ላይ ጥቅሉን አትርፈው ሠሩ። ፊኛ ሲወጣ ፕሮስቴቱም አብሮ ስለሚወጣ ቦታው አንድ ነው። ሠራ። የሰውየው ነገር ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። ከዚያ ነው ፕሮፌሰሩ የመጡት።

ቀዶ ጥገናው እንዲህ ነው የሚሄደው። ከእምብርት በታች ወደ ታች ይከፈታል። ከፊት በኩል ያለው ትልቁ ደም መላሽ ሥር ይታሰራል፣ ከዚያ ይቆረጣል። ከበታቹ የሽንት ቱቦው ይታያል። ቱቦው ከእጢው ጫፍ ላይ ይቆረጣል። ከዚህ በኋላ ያለችው ሥራ ናት ጭንቋ። ጥቅሉ ከቱቦው አጠገብ ሲያልፍ በጣም ቅርብ ነው፤ ቱቦውን እንደ ሰዓት ብታዩት አምስት ሰዓትና ሰባት ሰዓት ላይ ማለት ነው፣ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር። ሐኪሙ ጥቅሉን የሸፈነችውን ስስ ልባስ በጎን በኩል ይከፍታታል። ጥቅሉን ሳይጎትት፣ ሳያቃጥል፣ ከእጢው ላይ ቀስ አድርጎ ያላቅቀዋል። ወደ እጢው የሚገቡትን ትንንሽ የደም ሥሮች አንድ በአንድ ይዘጋል። መጎተቱ ብቻ ነርቩን ሊጎዳው ይችላል። እጢው ከኋላው ከተያያዙት ትንንሽ የዘር ፈሳሽ ከረጢቶች ጋር ይወጣል። በመጨረሻ የፊኛው አፍ ከቱቦው ጋር ይሰፋል። ውስጡ ካቴተር፣ ማለትም ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ፣ ይገባና እስኪድን ይቆያል።

ይህን ሁሉ ሲያደርግ ሐኪሙን የሚያስጨንቀው ሌላ ጥያቄ አለ። ነርቩን ለማትረፍ ተጠግቼ ስቆርጥ ካንሰር ትቼ ብመጣስ? ያኔ የተነሳው ዋናው ተቃውሞም ይሄ ነበር። ተገቢ ተቃውሞ ነው። ዋልሽ የሰጡት መልስ ግን አስተዋይ ነው። ድሮም ያ ጥቅል አይወጣም ነበር። ሐኪሙ ሳያውቀው ይቆርጠውና እዚያው ይተወው ነበር። ማለትም ታካሚው ነርቩን ያጣል፣ ከካንሰር አንጻር ግን ምንም የተጨመረ ጥቅም አያገኝም። ጥቅሉ የት እንዳለ ከታወቀ በኋላ ግን ሁለት ምርጫ ተገኘ። ካንሰሩ ያልተጠጋው ከሆነ ይተዋል። የተጠጋው ከሆነ ደግሞ ድሮ ከሚቆረጠው ሰፋ ተደርጎ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። አንዱን ጎን አውጥቶ ሌላውን መተውም ይቻላል።

ፕሮፌሰሩ ዳኑ። ዓመት ሳይሞላቸው ወንድነታቸው ተመለሰ። ዋልሽ ከ25 ዓመት በኋላ ታሪኩን ሲጽፉ ካንሰሩ አልተመለሰባቸውም ነበር።

ልብ በሉ፣ በ1982 ዛሬ «ፒኤስኤ» የሚባለው የደም ምርመራ በየሆስፒታሉ የሚሰጥ ነገር አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ ለክትትል የተፈቀደው በ1986፣ በሽታውን ቀድሞ ለመፈለግ ደግሞ በ1994 ነው። ከዚያ በፊት ዋናው መፈለጊያ የሐኪም ጣት ነበር። በጣት የሚዳሰስ እብጠት ሲገኝ ብዙ ጊዜ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ካንሰሩ ከእጢው ወጥቶ አጥንት ውስጥ ለገባበት ሰው ይህ ሁሉ የነርቭ ጥበብ ምንም አያደርግለትም። አገር ቤት ያሉ ሐኪሞች አዘውትረው የሚያነሱት ችግርም ይሄ ነው፤ ታካሚው ዘግይቶ ነው የሚመጣው። እንዲህ ላለው ሰው የሚሰጠው የወንድ ሆርሞንን ማዳከም ነው። እሱን ደግሞ ቻርልስ ሃጊንስ በ1941 አሳይተው በ1966 ኖቤል አግኝተውበታል።

አሁን ወደማያስደስተው ክፍል እንግባ።

በ1991 የዋልሽ ቡድን ያወጣው ዘገባ ከቀዶ ጥገናው በፊት ደህና የነበሩ 503 ወንዶችን ይዟል። 68 በመቶዎቹ ነገሩ ተመልሶላቸዋል። ወጣት ከሆኑ የበለጠ፣ ዕድሜ ሲገፋ እየቀነሰ። ከዜሮ ተነስቶ እዚህ መድረስ ትልቅ ነገር ነው። ወሬው ተሰማ፣ ሐኪሙም ታካሚውም ቀዶ ጥገናውን መረጠ።

በ2000 ግን ሌላ ዓይነት ጥናት ወጣ። አሜሪካ ውስጥ በተለያዩ ቦታዎች፣ በተለያዩ ሐኪሞች የተሠራላቸው 1,291 ወንዶች ተጠየቁ። ከ18 ወር በላይ ሆኗቸዋል። 59.9 በመቶዎቹ ስንፈተ ወሲብ እንዳለባቸው ተናገሩ። 8.4 በመቶዎቹ ሽንታቸውን መቆጣጠር አልቻሉም።

ያው ቀዶ ጥገና ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ግን አይተዋወቁም። እንደ እኔ ግምት ሁለት ነገር አለ። አንደኛው እጅ ነው። በሕይወት ዘመናቸው ከ4,500 በላይ ፕሮስቴት ያወጡት ዋልሽና በዓመት ጥቂት የሚሠራ ሐኪም አንድ ጥቅል አያዩም። ሁለተኛው የሚጠይቀው ሰው ማንነት ነው። ያዳነህ ሐኪም ፊት ለፊት ተቀምጦ «እንዴት ነው ነገሩ?» ሲልህ «ደህና ነው ዶክተር» ትላለህ። ወረቀት ላይ ግን ለማታውቀው ሰው እውነቱን ትጽፋለህ። ለነገሩ የእኛ አባቶች ለወረቀቱም አይጽፉም።

ዋልሽ ራሳቸው በእጃቸው ሥራ አልረኩም ነበር። በጣም የምወድላቸው ነገር ይሄ ነው። ቀዶ ጥገናዎቻቸውን በቪዲዮ አስቀረፁ። ከዚያ ጤናው የተመለሰለትንና ያልተመለሰለትን ሰው ቅጂ ጎን ለጎን አድርገው እያቆሙ እየመለሱ አዩ። እዚህ ጋ ምን አደረግሁ፣ እዚያ ጋስ? ልዩነቱ ጥቃቅን እንቅስቃሴ ላይ ነበር። ይህን በ2000 አሳተሙት። እግር ኳስ አሠልጣኝ የተሸነፈበትን ጨዋታ ደግሞ እንደሚያየው ነው። ሐኪም የራሱን ስህተት እንዲህ ቁጭ ብሎ ሲያይ ግን ብዙ አልሰማሁም።

ሮቦቱ የመጣው በዚያው ዓመት አካባቢ ነው። ዳቪንቺ ይሉታል። ሐኪሙ ማዶ ተቀምጦ በካሜራ አጉልቶ እያየ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች የገቡትን ክንዶች ያንቀሳቅሳል። ደም ይቀንሳል፣ ታካሚው ቶሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ማስታወቂያው ከዚህም በላይ ይላል። በአውስትራሊያ፣ ብሪዝበን 326 ወንዶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በሮቦት፣ ግማሾቹ በተለመደው መንገድ እንዲሠራላቸው ተደረገ። በ2016 የወጣው የ12 ሳምንት ውጤት፣ በ2018 የወጣው ደግሞ የሁለት ዓመት ውጤት በሽንት መቆጣጠርም ሆነ በወሲብ ጤና ላይ የጎላ ልዩነት አላሳየም። ሮቦቱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ነርቩን የሚያተርፈው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነው፤ በምንም መሣሪያ ይግባ።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን ሌላ ቦታ ነው የተነሳው። ቀዶ ጥገናው እየተሻሻለ ሲሄድ ማቅረቡም እየቀለለ ሄደ። የደም ምርመራው ደግሞ ትንንሽና ቀስ ብለው የሚሄዱ ካንሰሮችን ያወጣ ጀመር። በ1982 ማንም የማያውቃቸው፣ ባለቤታቸውን ሳያስቸግሩ አብረውት ሊያረጁ የሚችሉ ካንሰሮች ናቸው። እነዚህን ሁሉ መቁረጥ ያስፈልጋል?

ብሪታንያ ውስጥ ፕሮቴክት የሚባል ጥናት 1,643 ወንዶችን በዕጣ ለሦስት ከፈለ። ቀዶ ጥገና፣ ጨረር፣ ወይም በቅርብ መከታተል። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ2023 የወጣው ውጤት በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት 2.7 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳየ፤ በሦስቱም ቡድን ተቀራራቢ ነው። ክትትል ላይ በነበሩት ካንሰሩ የመስፋፋት ዕድሉ ከፍ ይላል፣ ይሄ መረሳት የለበትም። ግን ሌላም የሚመዘን ነገር አለ። ከስድስት ወር በኋላ ክትትል ላይ ካሉት 52 በመቶው የወሲብ ጤናቸው ደህና ሲሆን፣ ከተሠራላቸው ደህና የሆኑት 12 በመቶ ናቸው። ነርቭ ማትረፍ ከታወቀ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ የተሠራላቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

ስለዚህ የ1982ቱ ፕሮፌሰር ዛሬ ቢመጡ መጀመሪያ ኤምአርአይ ይነሳሉ፣ ናሙና ይወሰዳል። ካንሰሩ ከደካሞቹ ወገን ከሆነ «እንከታተል» ይባላሉ። ከጠንካሮቹ ወገን ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ያው የድሮው ነው፤ በየትኛው ጎን ልጠጋ፣ በየትኛው ልራቅ?

ለዚህ ጥያቄ ሰሞኑን የተሻለ መልስ መጥቷል። ሐኪሙ ነርቩን አትርፎ እጢውን ያወጣል። ታካሚው ገና ጠረጴዛው ላይ ነው፣ አልተሰፋም። ጥቅሉን ይነካ የነበረው የእጢው ጠርዝ ወዲያው ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። እዚያ በበረዶ ደርቆ፣ በስሱ ተቆርጦ፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ኒውሮሴፍ ይሉታል፣ ሃምቡርግ ውስጥ ነው የዳበረው። እንግሊዝ ውስጥ በአምስት ሆስፒታሎች ተፈትኖ በ2025 ውጤቱ ወጣ። ከዓመት በኋላ ችግራቸው ቀላል የሆነ ወይም ምንም ችግር የሌለባቸው በዚህ መንገድ ከተሠራላቸው 39 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከተሠራላቸው 23 በመቶ ነበሩ።

ክፍሉ ውስጥ በዚያ ሰዓት ሥራ ይቆማል። የሮቦቱ ክንዶች አይንቀሳቀሱም። ሁሉም ስልክ ነው የሚጠብቀው። ከላቦራቶሪ «ጠርዙ ላይ ካንሰር አለ» ከተባለ ሐኪሙ ተመልሶ ገብቶ በዚያ በኩል ያለውን ጥቅል ያወጣዋል። ንጹሕ ነው ከተባለ ጥቅሉ ባለበት ይቀራል፣ መስፋቱ ይቀጥላል።